ከነጂው ወንበር እስከ አድማሱ፦ የባቡር ሲሙሌተርን የእይታ ርቀትና የዕቃ ብዛት ማስተካከል

የባቡር ሲሙሌተር የሚጫወት ሰው ይህን ችግር ሳያየው አይቀርም። ባቡሩ ሜዳ ሜዳውን ሲሄድ ምስሉ ምንም እንከን የለውም። ወደ ትልቅ ጣቢያ ሲቃረብ ግን፣ ልክ ፍሬን በጥንቃቄ መያዝ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ መቆራረጥ ይጀምራል። የፍሬኑ እጀታ ሲነካ ምላሹ ዘግይቶ ይመጣል፤ ባቡሩም መቆሚያውን አልፎ ይሄዳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሴቲንጉን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ ዝቅ ያደርጋል። ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ነገር ግን ተራራው ይጠፋል፣ የጣቢያው ሰፈር ጭር ይላል፣ ሲግናሉም አፍንጫ ሥር ካልደረሰ አይታይም።

ይህን ሁሉ ማጣት አያስፈልግም። የእኔ መነሻ ነጂው ነው፤ መጀመሪያ እሱ ለሥራው ምን ማየት እንዳለበት እንወስን፣ ከዚያ የተረፈውን የኮምፒውተር አቅም ለአካባቢው ውበት እናውለው። በዚህ ቅደም ተከተል የተስተካከለ ጌም በመካከለኛ ላፕቶፕም ላይ ያምራል።

ለማሳያ የመረጥኩት ኦፕን ሬይልስን ነው። በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲሙሌተር ነው። ኩጁ ኢንተርቴይንመንት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2001 ለወጣው ማይክሮሶፍት ትሬይን ሲሙሌተር የተዘጋጁ መስመሮችንና ባቡሮችን ያነባል፤ ማስተካከያዎቹም እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በግልጽ ያሳያሉ። የሙከራ መስመራችን ደግሞ ከዚያው ከ2001ዱ ጌም ጋር የመጣው ማሪያስ ፓስ ይሁን። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ከሼልቢ እስከ ኋይትፊሽ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ግሬት ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 ሐዲድ ያሻገረበትን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,589 ሜትር ገደማ የሆነውን የተራራ በር ያቋርጣል። በአንድ ጉዞ ውስጥ ገላጣ ሜዳ፣ ደን፣ ትልልቅ ተራሮችና በፉርጎ የተሞላ የጣቢያ ግቢ ስላሉት ለፈተና ይመቻል። ሌላ መስመር ቢኖርዎትም ሥራው ያው ነው።

ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች

ማስተካከያውን ከመንካትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይለዩ። የመጀመሪያው «እስከ የት ድረስ ይታይ?» የሚለው ነው፤ ይህ የእይታ ርቀት ነው። ሁለተኛው «በዚያ ርቀት ውስጥ ካሉት ነገሮች ስንቶቹ ይታዩ?» ይላል፤ ይህ የዕቃ ብዛት ነው። ሦስተኛው «የሚታየው ነገር ምን ያህል ዝርዝር ይኑረው?» የሚል ነው። ለዚህኛው ሞዴል ሠሪዎች አንድን ቤት ወይም ፉርጎ በተለያየ ደረጃ ይሠሩታል፤ ከቅርብ ሲታይ መስኮቱና በሩ ሁሉ የተሟላለት፣ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ ቅርጹ ብቻ የቀረ። ጌሙ እንደ ርቀቱ አንዱን በሌላው ይተካል። ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ማየት ነው ሰውን ሁሉንም በጅምላ ዝቅ ወደማድረግ የሚገፋው።

ከሩቅ ያለ ነገር ስክሪን ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በቁጥር እንየው። የስክሪንዎ ቁመት 1080 ፒክስል፣ የካሜራው ከላይ እስከ ታች ያለው የእይታ ማዕዘን 45 ዲግሪ ነው እንበል፤ የኦፕን ሬይልስ መነሻ ማዕዘን ይህ ነው። 6 ሜትር ቁመት ያለው የሲግናል ምሰሶ ከ500 ሜትር ርቀት 16 ፒክስል ያህል ይይዛል። ከ1,000 ሜትር 8 ይሆናል፣ ከ2,000 ሜትር ደግሞ 4 ብቻ። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣቢያ አግዳሚ ወንበር ከ500 ሜትር ላይ 2 ፒክስል ነው፤ ከ2,000 ሜትር ላይ አንድ ፒክስል እንኳ አይሞላም። ኮምፒውተሩ ግን ያንን ወንበር በእግሮቹና በመደገፊያው ሙሉ ለሙሉ ሊሥለው ይችላል። ዓይን የማያየውን ሲሥል የሚያባክነው ጊዜ ነው ከፍሬን እጀታው ላይ የሚቀነሰው።

የእይታ ማዕዘኑን ወደ 60 ዲግሪ ካሰፉት ደግሞ በ1,000 ሜትር ላይ ያለው ሲግናል ከ8 ፒክስል ወደ 6 ገደማ ይወርዳል፤ በተጨማሪም ከግራና ከቀኝ ተጨማሪ ነገሮች ወደ ምስሉ ይገባሉ። ሰፊ ማዕዘን ለዓይን ደስ ቢልም ሲግናል ለማንበብ አይረዳም። በ45 ይጀምሩ።

መለኪያ ያበጁ

በግምት የሚስተካከል ነገር አይጸናም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁልጊዜ የሚመለሱበት አንድ ቦታ ያዘጋጁ። ማሪያስ ፓስ ላይ ከሆኑ ወደ ኋይትፊሽ ግቢ በመግባት ላይ ሳሉ፣ ፉርጎዎቹና ሕንፃዎቹ ከፊትዎ ሲደረደሩ ኤፍ 2ን ተጭነው ጉዞውን ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ሴቲንግ በቀየሩ ቁጥር ከዋናው መስኮት ያንኑ ያስቀመጡትን ጉዞ እንደገና ይክፈቱ። ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የባቡሩ ፍጥነት ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ልዩነት ካዩ ያንን ልዩነት ያመጣው የቀየሩት ሴቲንግ ነው።

ኤፍ 5ን ሲጫኑ በስክሪኑ ላይ የመረጃ ጽሑፍ ይወጣል፤ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እየታየ እንደሆነ እዚያ ያገኛሉ፤ ከዚህ በኋላ «ፍሬሙ» የምለው ይህን ቁጥር ነው። ሺፍትን ይዘው ኤፍ 5ን ደጋግመው ሲጫኑ ገጹ ይቀያየራል፤ ከገጾቹ አንዱ ኮምፒውተሩ በምን ሥራ እንደተጠመደ በመቶኛ ያሳያል። ምስል የመሣል፣ ዓለሙን የማንቀሳቀስ፣ ከዲስክ የመጫንና ድምፅ የማሰማት ሥራዎች ለየብቻ ተቀምጠዋል። ይህን ገጽ ይወዳጁት።

ከመለካትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ያጥፉ። አንደኛው «ቨርቲካል ሲንክ» ነው፤ እሱ ከበራ ፍሬሙ በሞኒተሩ ፍጥነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ60፣ ስለሚታገድ ትክክለኛው አቅም አይታይም። ሁለተኛው «ፐርፎርማንስ ቲዩነር» የሚባለው ነው፤ ይህ ራሱ ሴቲንጉን እየቀየረ ፍሬሙን ለመጠበቅ ስለሚሞክር በሙከራ ጊዜ ያሳስታል። መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

የሚዘገየው ማን እንደሆነ ይወቁ

ወደ ማስተካከያው የሚሮጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያተርፈው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ያስቀመጡትን ጉዞ ከፍተው ፍሬሙን ይመዝግቡ። ከዚያ የጌሙን መስኮት መጠን በግማሽ ያህል አሳንሰው እንደገና ይክፈቱት። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ሸክሙ ያለው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ መፍትሔውም የስክሪን ጥራቱን ወይም ጠርዝ የሚያለሰልሰውን አንቲ ኤሊያሲንግ መቀነስ ይሆናል። ፍሬሙ ካልተነቃነቀ ግን ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ እየጠበቀ ነው፤ የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው።

በባቡር ሲሙሌተሮች ሁለተኛው ይበዛል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ቤት፣ አጥር፣ ምሰሶና ፉርጎ በየፍሬሙ «ይህን ሣል» የሚል ትእዛዝ ከፕሮሰሰሩ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይፈልጋል። በሰከንድ 30 ፍሬም እንዲታይ ከተፈለገ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 33 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትእዛዞች በዚያች ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ገዝተው ጌሙ ያልፈጠነላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ጉዞውን ከፍተው 8 ቁጥርን ሲጫኑ ካሜራው ከባቡሩ ተላቆ ነፃ ይሆናል። ካሜራውን ከግቢው አዙረው ወደ ባዶ ሜዳ ወይም ወደ ሰማይ ያሳዩት። ፍሬሙ ወዲያው ከዘለለ የሚያስቸግሩዎት የሚታዩ ነገሮች ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይረዳዎታል። ካሜራው ባዶ ሰማይ እያየም ፍሬሙ ዝቅ እንዳለ ከቀረ ግን ጫናው የሌሎች ባቡሮች እንቅስቃሴና ስሌት ነው፤ ያን ጊዜ የእይታ ርቀቱን ቢቀንሱ የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ነው። ባቡር የሚያንስበት ጉዞ ይምረጡ።

የእይታ ርቀት

አሁን «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው «ቪዲዮ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። «ቪውዊንግ ዲስታንስ» የሚለው ቁጥር በሜትር ነው፤ መነሻው 2,000 ነው። ይህ ቁጥር የመጣው ከ2001ዱ ጌም ነው፤ የዚያ ጌም ትልቁ የእይታ ርቀት 2,000 ሜትር ነበር፣ ብዙዎቹ መስመሮችም በዚያው ልክ የተሠሩ ናቸው።

2,000 ሜትር ለነጂው ይበቃዋል? በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር ያን ርቀት በ90 ሰከንድ ይጨርሰዋል። የተጫነ ባቡር ከዚያ ፍጥነት ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ ሲግናሉን ለማየት፣ ለመወሰንና ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አለ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ የመንገደኛ ባቡር ላይ ግን 2,000 ሜትር ማለት 36 ሰከንድ ነው፤ እዚያ ርቀቱን መጨመር ምክንያት አለው።

መጨመር ከፈለጉ ግን ዓለሙ የተከፋፈለበትን መንገድ ይወቁ። በእነዚህ መስመሮች ምድሩ ጎንና ጎኑ 2,048 ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘን ቁራሾች የተቆረጠ ነው። ሲሙሌተሩ እርስዎ ያሉበትን ቁራሽና የእይታ ርቀቱ የሚነካቸውን በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ወደ ሜሞሪ ይጭናል። በ2,000 ሜትር በየአቅጣጫው አንድ ቁራሽ ስለሚበቃ ሦስት በሦስት፣ ማለትም 9 ቁራሾች ይጫናሉ። በ4,000 ሜትር 25 ይሆናሉ። በ5,000 ሜትር በየአቅጣጫው ሦስት ስለሚያስፈልግ 49 ይደርሳሉ፤ በ10,000 ሜትር ደግሞ 121። እንግዲህ ከ4,000 ወደ 5,000 ማለፍ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ የሚጫነው መሬት ግን በእጥፍ ገደማ ያድጋል። በሌላ በኩል 5,000ም ሆነ 6,000 ቢመርጡ የሚጫኑት ቁራሾች ቁጥር አንድ ነው። ስለዚህ ርቀቱን ሲመርጡ 2,000፣ 4,000 ወይም 6,000 ይበሉ፤ 4,500 ማለት ብዙ ከፍሎ ትንሽ ማግኘት ነው።

ይህ አንድ የታወቀ ችግርንም ያብራራል። ባቡሩ በሰላም ሲሄድ ቆይቶ በየተወሰነ ርቀቱ ለአፍታ ቀጥ የሚልበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ አዲስ ረድፍ ቁራሾች ከዲስክ እየተጫኑ መሆናቸው ነው። በ2,000 ሜትር አንድ ረድፍ 3 ቁራሽ ነው፤ በ6,000 ሜትር 7 ነው። የሚያስቸግርዎት በየመሀሉ የሚመጣው ይህ መቆም ከሆነ ርቀቱን በአንድ እርከን ያውርዱ፤ ጌሙንም ከተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ያዛውሩት።

ባዶው ምድር

ርቀቱን 4,000 አድርገው ጉዞውን ሲከፍቱ አንድ እንግዳ ነገር ሊያዩ ይችላሉ። ምድሩ እስከ 4,000 ሜትር ይዘረጋል፤ ቤቱና ዛፉ ግን 2,000 ላይ ቀጥ ብሎ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ራቁት ሜዳ ነው። ብልሽት አይደለም። የ2001ዱ ዘመን ሞዴሎች እስከ 2,000 ሜትር ወይም ከዚያም ባነሰ ርቀት ብቻ እንዲታዩ በራሳቸው ፋይል ውስጥ ተጽፎባቸዋል፤ ኦፕን ሬይልስም ያንን ያከብራል።

«ኤክስቴንድ ኦብጀክት ማክሲመም ቪውዊንግ ዲስታንስ ቱ ሆራይዘን» የሚለው ረጅም ስም ያለው ሳጥን ለዚህ የተሠራ ነው። ሲመረጥ ነገሮች ሁሉ የራሳቸው ገደብ ቢያበቃም እስከ እይታው ጫፍ ድረስ ይታያሉ። ሥዕሉ ይሞላል፤ ክፍያው ግን ከባድ ነው፣ ምክንያቱም 300 ሜትር ላይ እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራው አግዳሚ ወንበር ሳይቀር እስከ 4,000 ሜትር ይከተልዎታል። የእኔ ምክር ይህ ነው፤ በ2,000 ሜትር ከሆኑ ሳጥኑን ባዶ ይተዉት። 4,000 ወይም 6,000 ከመረጡ ይምረጡት፤ ፍሬሙ ካልቻለው ሳጥኑን ከማጥፋት ይልቅ ርቀቱን ወደ 2,000 ይመልሱ። 4,000 ሜትር ራቁት ምድር ከማየት 2,000 ሜትር የተሟላ አገር ማየት ይሻላል።

ተራራ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ለእይታ ርቀት ጨርሶ መክፈል አይኖርብዎትም። በመስመሩ ፎልደር ውስጥ «ሎ ታይልስ» የሚባል ንዑስ ፎልደር ካለ መስመሩ የሩቅ ተራሮች አሉት ማለት ነው። በቪዲዮ ገጹ ላይ «ዲስታንት ማውንቴንስ» የሚለውን ይምረጡና በኪሎ ሜትር የሚሰጠውን ርቀት 40 ያድርጉት። እነዚህ ተራሮች በሻካራ ቅርጽ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑና በላያቸው ቤትም ዛፍም ስለሌለ ክፍያቸው ቀላል ነው፤ ከእይታ ርቀቱም ጋር አይያያዙም። ወደ ማሪያስ ፓስ ከምሥራቅ በኩል ሲወጡ ከሜዳው ማዶ የሮኪ ተራሮች ግንብ ብቅ የሚለው በዚህ ሳጥን ነው። ይህችን አንዲት ሳጥን ሳይመርጡ የእይታ ርቀቱን ወደ 10,000 የሚያሳድጉ ሰዎችን ሳይ በጣም ያሳዝነኛል፤ የሚፈልጉትን ውበት በርካሽ ሊያገኙት ይችሉ ነበር።

ዝርዝርና ብዛት

«ሌቭል ኦፍ ዲቴይል ባያስ» የሚለው ተንሸራታች መነሻው 0 ነው። ከ0 በታች ሲወርድ ሞዴሎቹ ወደ ቀለለው ቅርጻቸው ቶሎ ይቀየራሉ፤ ከ0 በላይ ሲወጣ ዝርዝራቸውን እስከ ሩቅ ይዘው ይቆያሉ። ትልቅ ስክሪን ያለው ሰው ትንሽ ቢጨምር ያምርበታል። የሚዘገይ ኮምፒውተር ያለው ሰው ትንሽ ወደ ታች ያውርድና ወደ ጣቢያ ሲገባ ሕንፃዎቹ ቅርጻቸውን ሲቀይሩ ዓይኑን ያስቸግሩት እንደሆነ ይመልከት። ሞዴሎቹ አንድ ደረጃ ብቻ ያላቸው ከሆነ ይህ ተንሸራታች ምንም አይሠራም።

«ወርልድ ኦብጀክት ዴንሲቲ» የዕቃው ብዛት ነው። 99 ላይ ሲሆን መስመር ሠሪው ያስቀመጠው ሁሉ ይታያል። በመስመሩ ፋይሎች ውስጥ ለእያንዳንዱ ነገር የአስፈላጊነት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ማስተካከያው ዝቅ ሲል በዚያ ቁጥር መሠረት አንዳንድ ዓይነት ነገሮች ይጠፋሉ። ስለዚህ ቅነሳው እኩል እኩል አይሄድም። ጥቂት ሲያወርዱ ምንም ላይቀየር ይችላል፣ ከዚያ በአንድ እርምጃ አጥሩና የመንገዱ ዳር ዕቃ ሁሉ ይጠፋል። ከ99 ጀምረው በ10 በ10 እየቀነሱ ያስቀመጡትን ጉዞ ይክፈቱ፤ ለነጂው የሚያስፈልግ ነገር ሲጠፋ አንድ እርከን ተመልሰው ያቁሙ።

እዚህ ላይ በአቋሜ ጠንካራ ነኝ። ከርቀትና ከብዛት አንዱን መሠዋት ካለብዎት ርቀቱን ይሠዉ። የጣቢያ መድረክ፣ የአጥር እንጨት፣ የኪሎ ሜትር ምልክት፣ የመሻገሪያ መንገድ፣ እነዚህ ናቸው ባቡሩ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ለዓይን የሚነግሩት። ነጂው ከሐዲዱ ዳር የሚያልፈውን እያየ ነው ፍሬን የሚመጥነው። ዳሩ ከተራቆተ 40 ኪሎ ሜትርና 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ያኔ የቀረው የፍጥነት መለኪያውን ማየት ብቻ ይሆናል። 6,000 ሜትር ላይ ያለ ዛፍ ይህን አያደርግልዎትም።

«ወርልድ ኦብጀክት ዴንሲቲ» የማይነካው ነገር ደግሞ ፉርጎው ነው። በግቢው ውስጥ ቆመው የሚያዩዋቸው ፉርጎዎች በሲሙሌተሩ ዘንድ እንደ ባቡር እንጂ እንደ አካባቢ ዕቃ አይቆጠሩም፤ ማስተካከያው 0 ቢሆንም እዚያው ናቸው። ሰው ሠርቶ በኢንተርኔት ካሰራጫቸው ፉርጎዎች መካከል እያንዳንዱ ብሎን የተሠራለት፣ ለሩቅ የሚሆን ቀላል ቅርጽ ግን የሌለው ብዙ ነው። የዚህ ዓይነት 60 ፉርጎ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲቆም ማንኛውንም ኮምፒውተር ያንበረክካል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ፉርጎውን በሌላ መተካት ነው።

ጥላ፣ ሽቦና ሌላው

«ዳይናሚክ ሻዶውስ» ጥላ ነው። ጥላ ለመሥራት ነገሮቹ በፀሐይዋ በኩል እንደገና ስለሚሣሉ የትእዛዙ ብዛት ያድጋል። ጥላ ለመልክ ጠቃሚ ነው፤ በተለይ በማለዳና ወደ ማታ። ከቻሉ ይተዉት፤ «ሻዶው ፎር ኦል ሼፕስ» የሚለውን ግን ያጥፉ፣ እሱ ሞዴል ሠሪው ጥላ ይኑረው ላላለው ነገር ሁሉ ጥላ ይሰጣል። «ሞዴል ኢንስታንሲንግ» ካለ ይምረጡት፤ ተመሳሳይ ነገር ብዙ ጊዜ ሲደጋገም በአንድ ትእዛዝ እንዲሣል ስለሚያደርግ ፕሮሰሰሩን ያሳርፋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ክፍያው ትንሽ ነው፣ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ አያጥፉት።

«ሲግናል ላይት ግሎው» የሚለውን ደግሞ አይዝለሉት። የሲግናሉ መብራት ከሩቅ ሲታይ ፍካት ይጨምርለታል፤ በ4 ፒክስል ምሰሶ ላይ ያለውን ቀይ ከአረንጓዴ ለመለየት የሚያስችለው እሱ ነው። መስመሩ ራሱ ቀድሞ ፍካት የተሠራለት ከሆነ ግን መብራቱ ከልክ በላይ ስለሚያብጥ ያጥፉት።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ቨርቲካል ሲንኩን መልሰው ያብሩ። ፐርፎርማንስ ቲዩነሩን መጠቀም ከፈለጉ አሁን ጊዜው ነው። የሚፈልጉትን ፍሬም ይሰጡታል፤ ፍሬሙ ከዚያ ሲወርድ የእይታ ርቀቱን እየቀነሰ፣ ሲመለስ እየጨመረ ይሄዳል። ዒላማው ከሞኒተሩ ፍጥነት 10 በመቶ ያህል ማነስ አለበት፤ ለ60 ኸርዝ ሞኒተር 55 ይስጡት። 60 ቢሰጡት ፈጽሞ እንዳልደረሰ እየቆጠረ ርቀቱን ያለማቋረጥ ይቀንሰዋል። በደካማ ኮምፒውተር ላይ 30 በቂ ነው፤ ለባቡር የማይዋዥቅ 30 ከሚዋዥቅ 60 ይሻላል።

በሌሎች ሲሙሌተሮች

ትሬይን ሲሙሌተር ክላሲክ ላይ ስሞቹ «ሲነሪ ዴንሲቲ»፣ «ሲነሪ ኳሊቲ» እና «ቪው ዲስታንስ» ናቸው፤ ርቀቱ በሜትር ሳይሆን በደረጃ ስለሚሰጥ በአንድ እርከን እየቀነሱ በተቀመጠ ጉዞ ላይ መፈተኑ ይበልጥ ያስፈልጋል። 64 ቢት የሆነው እትም ካለዎት እሱን ይክፈቱ። 32 ቢቱ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ሜሞሪ መጠቀም ስለማይችል፣ ርቀትና ብዛት አብረው ከፍ ሲሉ ጌሙ ድንገት ሊዘጋ ይችላል። በአንሪል ኢንጂን የተሠራው ትሬይን ሲም ወርልድ ላይ ደግሞ ከእይታ ርቀቱ ጎን ለጎን ሣሩንና ቅጠሉን የሚቆጣጠረውን ሴቲንግ ለየብቻ ይፈትኑ።

ራስዎ የሚሠሩ ከሆነ

አንዳንድ አንባቢ መጫወት ብቻ አይበቃውም፤ የአገሩን መስመር መሥራት ይመኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍልም ባለ ሁለት ሐዲድ ነው። የሽቦ ተሸካሚ ምሰሶዎቹን በሁለቱም ወገን በየ50 ሜትሩ ቢያስቀምጡ፣ ነጂው ከፊቱ በ2,000 ሜትር ውስጥ 80 ምሰሶ ያያል። አንዱን ምሰሶ ከነኢንሱሌተሩ በ2,000 ፖሊጎን (ሞዴሉ በሚገነባባቸው ትንንሽ ገጾች) ሠርተው በዚያው ከተዉት በየፍሬሙ የሚሣለው 160,000 ፖሊጎን ነው፤ ለምሰሶ ብቻ።

ይልቁንስ ሦስት ደረጃ ያብጁለት። እስከ 200 ሜትር ሙሉው 2,000 ፖሊጎን፣ እስከ 700 ሜትር ኢንሱሌተሩ ቀርቶ 400፣ ከዚያ እስከ 2,000 ሜትር ቀጭን ሳጥን ብቻ የሆነ 40። በቅርቡ ክልል 8፣ በመካከለኛው 20፣ በሩቁ 52 ምሰሶ ስለሚኖር ድምሩ 26,080 ይሆናል፤ ሸክሙ ወደ ስድስተኛው ገደማ ወረደ ማለት ነው። 7 ሜትር የሆነው ምሰሶ በ700 ሜትር ላይ 13 ፒክስል ብቻ ስለሆነ የኢንሱሌተሩን መጥፋት ማንም አያየውም። ርቀቶቹ በሞዴሉ ፋይል ውስጥ ለየደረጃው በሜትር ይጻፋሉ፤ የመጨረሻው ደረጃ ቁጥር ነገሩ የሚጠፋበት ርቀት ነው። ለምሰሶና ለሲግናል 2,000 ይስጡ፤ ለአግዳሚ ወንበርና ለቆሻሻ መጣያ 300 ይበቃል፣ ለጣቢያ ሕንፃ ደግሞ ከ2,000 በላይም ቢሆን ያዋጣል። ከዚያ ያንኑ ምሰሶ ባለ አንድ ደረጃውንና ባለ ሦስት ደረጃውን በየተራ አስገብተው፣ በአንድ በተቀመጠ ጉዞ ላይ በኤፍ 5 ይለኩት።